የግራር እሾህ እና የይታይሽ ሸክላ

ይታይሽ ማረፏን የሰማሁት መርጡለ ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳሳርፍ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ልጇ ሰብለ ናት።

«እማማ፣ የት ነዎት?» አለችኝ።

ነገሩን ከድምፅዋ አወቅሁት። ግን ቶሎ እንዳይደርስብኝ ብዬ «መርጡለ ማርያም ነኝ ልጄ፤ ጉሙ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ» አልኳት። ስለ ጉም ማውራት ያኔ ምን ይባላል? እሷም «እንግዲያ አይደርሱም» ብላ አለቀሰች።

አልደረስኩም። ደብረ ማርቆስ ስገባ ቀብሩ አልፎ፣ ሰው ወደየቤቱ መበተን ጀምሮ ነበር። ይታይሽ ብታየኝ ትስቅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከአንዱ ደብር ወደ አንዱ ስለምዞር ስሜን ትታ «ዘዋሪቱ» ነበር የምትለኝ። «አንቺ እኮ የራስሽም ቀብር ላይ አትደርሺም» ትለኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል፣ እጄ የእግሬን ጠባይ ወስዶ ነው ብላችሁ እለፉት።

ይታይሽ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበረች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱ በሞተ በወሩ መኪናው ቆመ። የገበያው ሰፊዎች መጥተው አዩና «ይቺም አብራ ሞታለች፣ ለብረት ሽጫት» አሏት። እሷ በሽንኩርት ቢላዋ ፈታታቻት። እንዴት መልሳ እንደገጠመቻት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ብቻ መኪናዋ ተነሣች። ከዚያ በኋላ እነዚያው ሰፊዎች የየራሳቸውን መኪና ተሸክመው ደጇ ላይ ይሰለፉ ጀመር።

ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው፣ የፈታችውን ነገር ሁሉ ሰፌድ ላይ ነበር የምትደረድረው። መጀመሪያ የወጣችውን ብሎን ከሰፌዱ ጠርዝ ታስቀምጥና፣ ቀጥሎ የወጣውን ከጎኗ፣ እንዲህ እያለች እየዞረች ወደ መሐል ትገባለች። ስትገጥም ደግሞ ከመሐል ተነሥታ ወደ ጠርዝ ትወጣለች። አልጻፈችም፣ አልሳለችም፤ ሰፌዱ ነበር ደብተሯ።

ሁለተኛው ልማዷ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነው። መኪና የታመመችበትን ቦታ ስትፈልግ የካቻቢቴዋን የብረት ጫፍ መኪናዋ ላይ ታስደግፍና የእንጨት እጀታውን በጥርሷ ትነክሰዋለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መንኮራኩሩን በቀስታ ታዞራለች። «ይታይሽ መኪና በላች!» ይሏታል። እኔም አንድ ቀን «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትነክሺ?» ብያት ነበር።

«ጆሮዬ የመንገዱን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስብብኛል፤ በጥርሴ ግን መኪናዋ ብቻ ናት የምታወራኝ» አለችኝ።

አመልሽ ነው ብዬ ተውኳት።

እንግዲህ ስለ ግራሞፎኑ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ከመናኸሪያው ወዲያ ወዳለው ወደ ሙላት ግቢ ይዛኝ ሄደች። ሙላት አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ነው። ግቢው ውስጥ የማይገኝ የለም፤ የተሰበረ ማረሻ፣ የአልጋ ብረት፣ የብስክሌት ጎማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሰርግ ፎቶ። እሷ የመኪና መንኮራኩር ፍለጋ ስታጎነብስ አንዲት ቀይ ዶሮ በቁጣ ጮኸችባት።

«ሙላት፣ ይቺ ዶሮህ ምን ላይ ነው የተቀመጠችው?»

«ዘፈን ሳጥን ላይ ነው እማማ ይታይሽ። ዱሮ ይዘፍን ነበር አሉ፤ ዛሬ ጫጩት ነው የሚያወጣው።»

ይታይሽ ቀጥ አለች። ጭድ ለብሶ፣ ኩስ ለብሶ፣ ከጎኑ ግን በእጅ የሚጠመዘዝበት ማኑቬላ ወጣ ብሎ ይታያል። «አምጣው» አለችው።

«ዶሮዋን ማን ሊያስነሣት? ከታቀፈች ገና አምስት ቀኗ ነው። እንቁላሉን ብትተወው ሚስቴ እኔን ነው የምታስታቅፈኝ።»

«እንጠብቃታለን» አለች ይታይሽ።

በየቅዳሜው ሄደን ዶሮዋን እናያት ነበር፤ እንደ አራስ ጠያቂ። ይታይሽ ጥሬ እየያዘችላት ትሄዳለች። ጫጩቶቹ ሲወጡ የሙላትን ሚስት የስፌት መኪና ሠራችላትና በልዋጭ ሳጥኑን ወሰደች። ልንወጣ ስንል ደግሞ ሙላት በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ መለከት ነጭ ጋዝ ወደ ጠርሙስ ሲያንቆረቁር አየችው። «እሱም የእኔ ነው» አለችው። ሰውየው መለከቱን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ «ለካ ዘመድ ናቸው» ብሎ ሰጣት።

ቤት ስንደርስ «እታለም፣ በዚህ ዕድሜሽ ዘፈን አማረሽ?» አልኳት።

ከአልጋዋ ሥር ሳጥን ስባ አወጣች፤ ከሳጥኑ ውስጥ እርስ በእርስ የተከደኑ ሁለት ትንንሽ ሰፌዶች፤ በመሐላቸው በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አንድ ጥቁር ሸክላ።

«አባቴ ነው» አለችኝ።

አባቷ መሰንቆ መቺ ነበር። ሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች አዲስ አበባ ወስደው አንድ ዘፈን አዘፈኑት፤ ሲመለስ ይህችን አንድ ሸክላ ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ክረምት በደረት በሽታ ሞተ። ይታይሽ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ቤታቸው ማጫወቻ የለም። አንድ ጠጅ ቤት ማጫወቻ ነበረ፤ እናቷ ግን «የባሌን ድምፅ ሰካራም አያጨበጭብበትም» ብላ እንቢ አለች። ጠጅ ቤቱም ተዘጋ፣ እናትም ሞተች፣ ሸክላው ዝም እንዳለ ቀረ። ሰብለ «አዲስ አበባ ወስጄ በኮምፒውተር ላስገልብጥልሽ» ብላት ነበር። «የዓባይን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ? ከተሰበረ አባቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው» አለቻት። እንዲህ ሆኖ፣ ይታይሽ አባቷን በእጇ ይዛ ሰባ ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማችም።

«እስከ ዛሬ ከቆየሽ አሁን ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት።

ግራ ጆሮዋን ነካች። «ይቺ ከተዘጋች ሁለት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ቀኟም ትከተላለች ብሎኛል።»

እኔ ጎን ለጎን ስንሄድ በግራዋ ሆኜ ሳወራት ሳትመልስልኝ ስትቀር፣ ወሬዬ ሰልችቷት መስሎኝ እቀየማት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሳጥኑን ከፈተችው። ውስጡ እንደ ትልቅ ሰዓት ነው፤ ጥርስ ከጥርስ የተነካከሰ። ሞላው የተጠቀለለበትን የብረት ቆርቆሮ ስትከፍት ኬሻ ውስጥ ከታ፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። «ይሄ እባብ ነው፤ ከተፈታ ፊትሽን ነው የሚልስሽ» አለችኝ። ኬሻው ውስጥ ሲፈነጠር እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሞላው ጫፉ ላይ ተሰብሮ ነበር። ጫፉን ከሰል ላይ አቅልታ፣ በምስማር በስታ፣ አዲስ ማያያዣ አወጣችለት። ቀሪውን አንድ በአንድ በነጭ ጋዝ እያጠበች ሰፌዱ ላይ አዞረችው። ሥራው ደግሞ በዓል ያከብራል፤ ሚካኤል ነው ይቆማል፣ ማርያም ናት ይቆማል። «ለቅበላ እንደርሳለን» ትላለች። ከቅበላ በኋላ ሁዳዴ ይገባል፤ በሁዳዴ ዘፈን የለም።

የኔ ጥፋት የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ደብረ ወርቅ ሰንብቼ መጣሁ። ይታይሽ የለችም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ የጎረቤት ዶሮ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ቆማ አንዲት ብሎን ትለቅማለች። ዶሮዋን አባረርኩ። ከዚያ ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ እነዚያ የሚያበሩ ቁርጥራጮች እንዳይጠፉ ሁሉንም ጠራርጌ አንድ ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው። ሰፌዱንም አራግፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ቤት ማጽዳቴ ነው እኮ!

ይታይሽ ገባች። ግድግዳውን አየች። ጣሳውን አየች። ምድር ዋጠችኝ ማለት ያኔ ነው።

«ዘዋሪቱ» አለች በቀስታ። «ያዞርኩትን ሁሉ በታተንሽው?»

«ዶሮዋ አንዲት ብሎን ስትለቅም…» አልኩ።

«ዶሮዋ አንድ ነው የወሰደችው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጣሳውን ሰፌዱ ላይ ገለበጠችውና አንዲቷን ጥርስ አንሥታ «እንደ አዲስ እንተዋወቅ እንግዲህ፤ አንቺ የማን ጎረቤት ነበርሽ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየገጠመች መፍታት፣ እየፈታች መግጠም ሆነ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይተርፋል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አጥባለሁ፣ አቀብላለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዝም ማለትን የተማርኩት ያኔ ነው። ሦስት ሳምንት ወሰደባት። በሦስተኛው ሳምንት ማኑቬላውን ስትጠመዝዘው የሸክላው መቀመጫ ሳህን ያለ ኮሽታ ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ አላቆመም። እኔ እልል አልኩ። እሷ «ምን አልሽ?» አለችኝ። በግራዋ ነበርኩ፤ እልልታ መሆኑን አልለየችውም።

ቅበላ አምስት ቀን ቀረው። መርፌ የለም። ይታይሽ የስፌት መኪና መርፌ ቆርጣ ሰካችና ሙላት በመረቃት ስንጥቅ ሸክላ ላይ ሞከረችው። ድምፅ ወጣ፤ ግን መርፌው በሄደበት ሁሉ ጥቁር ዱቄት ተነሣ። ዱቄቱን በጣቷ ነክታ አየችው።

«በዚህ አባቴን አላርሰውም» አለችና መርፌውን ነቀለችው።

ያን ጊዜ ነው እኔ የማውቀውን አንድ ነገር ያወራሁት። «እሾህስ? እግሬ ስንት ዓይነት እሾህ ያውቃል መሰለሽ። የዚህ አገሩ አጋም ይለሰልሳል። ቆላ ያለው የግራር እሾህ ግን ሲደርቅ እንደ አጥንት ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መዞሬን አላሾፈችበትም። «ለቅበላ ትመለሻለሽ?» ብቻ አለችኝ።

ወደ ደጀን ተሳፈርኩ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ በረሃው ወረድኩ። ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ዓባይ ከሥር አለ ይላሉ እንጂ አይታይም። እሾሁን ከዛፉ ላይ የደረቀውን እየመረጥኩ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። ወደ ላይ ስመለስ ጉልበቴ እንቢ አለ። ዳገቱ መሐል ተቀምጬ የጭነት መኪኖች በጎኔ እያቃሰቱ ሲወጡ አያለሁ፤ አንዱም አይቆምም። አንዱ ሲቆምልኝ ቀኑ አልፎ ነበር። ደብረ ማርቆስ የደረስኩት ሰኞ ነው። የሁዳዴ ሰኞ።

ይታይሽ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ቋጠሮውን ፈትቼ ሰጠኋት። አንዱን እሾህ በጥፍሯ ሞከረች፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳለችው፣ ብርሃን ላይ አነሣችው። «ይሄ ነው» አለች። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር በብልቃጥ ከታ ከደነችው።

የንስሐ አባቷ እንኳ ሰምተው መጡ። «የአባት ድምፅ ነው ይታይሽ፤ ብትሰሚው አልቆጣሽም» አሏት።

«እርስዎ ባይቆጡኝም አባ፣ እናቴ የነገረችኝ አለ። አባቴ ሁዳዴ ሲገባ መሰንቆውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። እኔ ልጁ በጾም አላዘፍነውም።»

ሃምሳ አምስት ቀን! በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከኋላዋ ታቆመኛለች። «መቀሱን አጩሂው» ትለኛለች። መቀሱን እከፍታለሁ እዘጋለሁ፤ ሲሰማት እጇን ታነሣለች። በመጀመሪያው እሑድ በሩ ላይ ሆኜ ሳጮኸው አነሣች። ቀጥሎ ከአልጋው ጫፍ። ከዚያ አንድ ክንድ ሲቀረኝ። በሆሣዕና ዕለት መቀሱን ፀጉሯ ሥር አጮህኩት፤ እጇ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ጀምሪ እንጂ» አለችኝ።

ምን ልበል? እነዚያ ሦስት ሳምንታት፣ እኔ ሰፌድ ያራገፍኩባቸው፣ በጆሮዬ ሥር ይጮሁብኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ከገደፍን በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ሰብለና እኔ ሳጥኑን ከበን ተቀመጥን። ይታይሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። ነጠላውን ፈታች፣ ሸክላውን በሁለት እጇ አስቀመጠች፣ እሾሁን ሰካች፣ ማኑቬላውን ቀስ ብላ ጠመዘዘች። እሾሁ ሸክላው ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ሩቅ ያለ ዝናብ የሚመስል ነገር መጣ። ከዚያ መሰንቆ። ከዚያ የሰው ድምፅ፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ወንዝ ስለማትሻገር አንዲት በቅሎ የሚያንጎራጉር። ቤቱ ሁሉ ወደ ሌላ ዘመን የሄደ መሰለኝ። ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች፤ አያቷ እኮ በድምፁ ከራሷ ልጅ ዕድሜ አይበልጥም! እንባዬ ወረደ። ቀና ስል ይታይሽ ሳጥኑን ሳይሆን የኔን ፊት ነው የምታየው።

«ጀመረ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሸክላው እየዘፈነ ነው። እሷ እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋችና ሳታይ ካቻቢቴዋን አነሣች። ጫፉን ሳጥኑ እንጨት ላይ አስደገፈች፣ እጀታውን ነከሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

እኔ በዚያ ሰዓት ያየሁትን ፊት በየትኛውም ደብር፣ በየትኛውም ሥዕል ላይ አላየሁም። ግንባሯ ላይ ያለው ሽብሽብ አንድ በአንድ ሲፈታ ይታየኛል። ዘፈኑ አለቀ። እሷ አልለቀቀችም። ሰብለ እሾህ ለወጠች፤ ደገምነው። ሠለስነው። በአራተኛው ካቻቢቴውን ከጥርሷ አወጣችና ሳቀች።

«ያስላል» አለች።

«ማን?» አልኳት ከንፈሬን እያሳየኋት።

«አባቴ ነዋ። መሰንቆውን ከመምታቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስላል፤ ሰዎቹን እንዳያስቀይም አፉን ይዞ። አልሰማችሁም?»

አልሰማንም። ጆሯችንን መለከቱ ውስጥ ከተን አዳመጥን፤ ዝናቡ ብቻ ነው።

«የለም እኮ እታለም» አልኳት በእጄ ጭምር።

«ጆሮ ስላለሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በዝምታ ውስጥ ኖረች። መኪና መጠገን አልተወችም። ጾም ካልሆነ በየእሑዱ አንድ ጊዜ፣ አንድ እሾህ፣ አንድ ዘፈን። እኔም ከየሄድኩበት እሾህ ቋጥሬ እመጣለሁ። ያን ሳል ግን ምኞቷ የፈጠረላት ነው ብዬ በልቤ ይዤው ነበር። የሰባ ዓመት ናፍቆት የቱን የማያሰማ! ይህን አልነገርኳትም። ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቆጨኝ ነበር።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ሰብለ ጠራችኝ። «እማዬ ይሄን ለዘዋሪቱ ስጫት ብላለች» ብላ ካቻቢቴውን ሰጠችኝ። እጀታው ላይ የጥርሷ ምልክት እንደ ትንሽ ጉድጓድ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ ጾምም አይደለ። አንድ ጊዜ አጫውችልኝ» አልኳት።

ነጠላዬ ላይ የቀረችኝን የደጀን እሾህ ሰካን። ሰብለ ጠመዘዘች። እኔ ጥርሴ እንኳ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለቱን መርጬ ይታይሽ የነከሰችበት ላይ ነከስኩ፣ ጫፉን ሳጥኑ ላይ አስደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዝናቡ መጣ። በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ ውስጥ ዘነበ። ከዝናቡ ወዲያ አንድ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ፣ መሰንቆው ሳይጀምር፣ አፉን በእጁ ይዞ፣ ሰው እንዳያስቀይም ተጠንቅቆ፣ ሁለት ጊዜ አሳለ።

ሰብለ ትከሻዬን ይዛ «ምን ሆኑ እማማ? ምን ሰሙ?» ትለኛለች።

ካቻቢቴውን ከአፌ አውጥቼ በነጠላዬ ጠረግኩና እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ንከሺው» አልኳት።